በበረዶም ላይ ታላቅ ይቀድማል

[ዲቪ የሚባለው ዕጣ ሰው ማምጣት በጀመረበት ሰሞን፣ በጥር ወር፣ ከሲያትል በስተምሥራቅ ባለ ተራራ ግርጌ። ጋሽ መልከጸዴቅ በሲያትል ሌክ ሲቲ ሰፈር ብዙ ዘመን የኖሩ፣ የማያውቁት ነገር ገና ያልተፈጠረ ሰው ናቸው። አበጀ በዕጣው በቅርቡ መጥቶ ካፒቶል ሂል ሰፈር ባለ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥብ ወጣት ነው። ልጃቸውን ሠርካለምን ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። ጋሽ መልከጸዴቅ ግን «ተራራ ላይ ሳልፈትነው ሽማግሌ አልቀበልም» ብለዋል። ሁለቱም ሰፌድ የሚያክል የበረዶ ጫማ እግራቸው ላይ እያሰሩ ይጨቃጨቃሉ።]

መልከጸዴቅ፦ ግራውን ቀኝህ ላይ አድርገኸዋል አልኩህ!

አበጀ፦ ጋሼ፣ ያከራየን ልጅ እኮ ግራና ቀኝ የለውም ብሏል።

መልከጸዴቅ፦ እሱ ምን ያውቃል? ኖርዝጌት ሱቅ ውስጥ ተገትሮ የሚውል! ግራና ቀኝ የሌለው ካልሲ ብቻ ነው።

አበጀ፦ እሺ፣ ለወጥኩ።

መልከጸዴቅ፦ አሁን ምን ተሰማህ?

አበጀ፦ ያው ነው።

መልከጸዴቅ፦ አየህ! ልዩነቱን የሚያውቀው የለመደ እግር ነው። ሶ፣ ስማኝ። ውላችን ይኼ ነው፤ ላይ ያለው ጎጆ ሳንደርስ ቀድሞ የተቀመጠ ተሸነፈ። አንተ ከተቀመጥክ ሽማግሌ የሚባል በደጄ ዝር እንዳይል።

አበጀ፦ እርስዎ ከተቀመጡስ?

መልከጸዴቅ፦ [ሳቃቸው ገደሉ ውስጥ ያስተጋባል] እኔ? እኔ ከተቀመጥኩማ ዛሬውኑ ላክ! በል ቅደም።

አበጀ፦ ምን ቆርጦኝ ጋሼ! ታላቅ እያለ?

መልከጸዴቅ፦ ግዴለም፣ ቅደም።

አበጀ፦ በሞቴ! እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች? ይቅደሙ።

[ጋሽ መልከጸዴቅ ደስ አላቸው። አገሩን ለቆ ሥርዓቱን ያልጣለ ልጅ! ደረታቸውን ነፍተው ፊት ሆኑ። ትናንት የወረደውን በረዶ ገና ማንም አልረገጠውም፤ ጫማው ሰፊ ቢሆንም በረዶው በየእርምጃው እስከ ባታቸው ይውጣቸዋል። አበጀ እሳቸው በረገጡበት እየረገጠ ይከተላል።]

መልከጸዴቅ፦ [እያለከለኩ] አለህ?

አበጀ፦ አለሁ ጋሼ። ድብ ቢመጣስ?

መልከጸዴቅ፦ ድብ በብርድ ወራት ይተኛል። ይኼን አታውቅም?

አበጀ፦ ቢቀሰቅሱትስ?

መልከጸዴቅ፦ ማን ይቀሰቅሰዋል?

አበጀ፦ እርስዎ። ትንፋሽዎ ሩቅ ይሰማል።

መልከጸዴቅ፦ የተራራ አተነፋፈስ ነው! የዘንድሮ ወጣት ምኑን ታውቁና? እኛ በእናንተ ዕድሜ... [አየር አጠራቸው] ...በኋላ እነግርሃለሁ።

አበጀ፦ ኧረ አሁን ይንገሩኝ ጋሼ። የእርስዎ ጨዋታ ነው የሚያበረታኝ።

መልከጸዴቅ፦ እኛ... በእናንተ ዕድሜ... እንጦጦን...

አበጀ፦ ጮክ ይበሉ፣ አይሰማኝም።

መልከጸዴቅ፦ እንጦጦን!... በሩጫ!... ሳናርፍ!...

[በማዶው ሸንተረር ፈረንጆች ተሰልፈው ሲወጡ ታዩ። ፊተኛው ጥቂት ሄዶ ገለል ይላል፤ ተከታዩ ይተካዋል፤ እሱም ዞሮ ከኋላ ይሰለፋል።]

መልከጸዴቅ፦ ጉዳቸውን ተመልከት! አንዱ አንዱን ይቀድማል። ያቺን ጠጉሯ ነጭ የሆነ ሴትዮ እያት፤ ከሁሉም ኋላ ጥለዋታል። እናት አልወለደቻቸውም?

አበጀ፦ ነውር ነው።

መልከጸዴቅ፦ ደግሞ ትስቃለች!

አበጀ፦ ምን ታድርግ ጋሼ፣ ለሰው እንዳይታወቅባት ብላ ነው።

መልከጸዴቅ፦ [ላባቸውን እየጠረጉ] ስማ አበጀ... አንተም እኮ መልመድ አለብህ። እስቲ ጥቂት ቅደምና ልይህ።

አበጀ፦ እነዚያ እያዩን?

መልከጸዴቅ፦ ይዩ!

አበጀ፦ «ሐበሻም እንደኛ ነው» ይበሉ? አባቱን ከኋላ እያስከተለ?

[«አባት» የምትለዋ ቃል ልባቸውን ነካች። ለጉልበታቸው ግን አልደረሰችለትም። እየተንገዳገዱ ቀጠሉ።]

መልከጸዴቅ፦ ጎጆው... አይታይህም?

አበጀ፦ ከዛፎቹ በላይ ጭስ አያለሁ። ደርሰናል፤ ይቺን ዳገት ከወጣን በቃ።

መልከጸዴቅ፦ ዳገት? ሌላ ዳገት?

አበጀ፦ ትንሽ ናት። ይቅደሙ።

[ጋሽ መልከጸዴቅ ዳገቷን አዩ። አንድ እግራቸውን ነቀሉ፤ ሁለተኛው አልነቀል አለ። ከዚያ ሰማዩን የሚመረምሩ መስለው፣ ቀስ ብለው ቁጭ አሉ።]

አበጀ፦ ጋሼ፣ ተቀመጡ እንዴ?

መልከጸዴቅ፦ ማን ተቀመጠ? ማሰሪያውን... ላጠብቅ ነው።

አበጀ፦ ላጥብቅልዎ?

መልከጸዴቅ፦ ተወኝ! [ቀና ብለው ያዩታል] አንተ! አላላበህም እኮ! ምን ዓይነት ፍጡር ነህ?

አበጀ፦ ኧረ እኔ ምን ሠራሁና? በረዶውን ሲደለድሉ የዋሉት እርስዎ። እኔማ አስፋልት ላይ ነው የመጣሁት።

[ጋሽ መልከጸዴቅ ዞረው የመጡበትን አዩ፤ ከታች እስከ ላይ ለጥ ያለ መንገድ። ማዶ ደግሞ አሮጊቷ ከሰልፉ ኋላ እየሳቀች ትንሸራሸራለች።]

መልከጸዴቅ፦ ለካ... የሚደክመው የቀደመው ነው!

አበጀ፦ ለዚያ ነው የሚቀያየሩት።

መልከጸዴቅ፦ ታውቅ ነበር?

አበጀ፦ ሠርካለም ናት የነገረችኝ። «አባዬን አክብረው፣ ሁሌ አስቀድመው፤ የቀረውን እሱ ራሱ ይጨርሰዋል» አለችኝ።

መልከጸዴቅ፦ የገዛ ልጄ! [ሊቆጡ አሰቡ፤ የመቆጫ ትንፋሽ የለም። ሳቁ።] ኦኬ፣ ቃል ቃል ነው። ሽማግሌህን ላክ።

አበጀ፦ [አንገቱን ደፍቶ] አንድ ችግር አለ ጋሼ። ለአገሩ አዲስ ነኝ። የማውቀው ሽማግሌ እርስዎን ብቻ ነው።

መልከጸዴቅ፦ እና? ልጄን ከራሴ ልለምንልህ?

አበጀ፦ ሌላ ሰው ከማስቸግር ብዬ ነው።

መልከጸዴቅ፦ እሺ፣ የገዛ በሬን አንኳኩቼ ገባሁ እንበል። ቆሜ ጠየቅኩ። ከዚያ ዞሬ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ ነው የምመልሰው?

አበጀ፦ ወግ ነውና ጋሼ፣ መጀመሪያ ትንሽ እምቢ ይበሉ።