የእናት ወገን እሳት

ባለፈው ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መምህርት የሺመቤት ሕልም አየች።

የሺመቤት ደብረ ብርሃን ውስጥ የምትኖር የዘጠነኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህርት ናት። አግብታ ፈታለች፤ ልጅ አልወለደችም። ቤቱ ውስጥ ያሉት እሷና እናቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ብቻ ናቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ መርሳት ከጀመሩ ሰነባብተዋል። መጀመሪያ ቁልፍ ያስቀመጡበትን ረሱ፣ ቀጥሎ የጎረቤቶቻቸውን ስም ረሱ። በመጨረሻም አንድ ጠዋት ልጃቸው ፊታቸውን ስታጥባቸው ቀና ብለው አዩዋትና «እርስዎ» አሏት።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ደግ ሴት ነዎት። ለመሆኑ የማን ልጅ ነዎት?»

«ያንቺ ነኝ እማዬ! የሺ ነኝ እኮ።»

«ኧረ እኔ ልጅ የለኝም፤ ገና ነኝ» አሉና አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ የሺመቤት ሳትታክት ታርማቸዋለች። «እርስዎ» ሲሏት «አንቺ በይኝ» ትላለች። «የማን ልጅ ነዎት» ሲሏት «ያንቺ» ትላለች። እሳቸው በትሕትና አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፤ ጥቂት ቆይተው ያንኑ ይጠይቃሉ። እሷ ማታ ማታ ኩሽና ገብታ ታለቅሳለች።

አንድ ቀን ማስተማር ሄዳ ሳለ እናቷ በሩን ከፍተው ወጡና መናኸሪያ ቆመው ተገኙ። ያኔ ናዝሬት የሚኖረው ወንድሟ ሰይፉ ስልክ ደወለ። «እማዬን ለእኔ ስጪኝ። ሚስቴ ቤት ነው የምትውለው። ደግሞ ያንቺ አገር ብርድ አጥንቷን ጨረሰው፤ እዚህ ሙቀቱ ይስማማታል» አላት። የሺመቤት ብዙ ካሰበች በኋላ እሺ አለች። ብታውቀኝ ኖሮ እንዴት አድርጌ አሳልፌ እሰጣት ነበር፤ ካላወቀችኝ ግን እዚህ ሆነች እዚያ ሆነች ለሷ ምን ልዩነት አለው ብላ ራሷን አሳመነች።

ሰይፉ የሚመጣው ቅዳሜ ለምሳ ነው። በዕለቱ ጠዋት የእናቷን ልብሶች አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተች። የቀረውን ሰዓት የምታሳልፍበት ነገር ስታጣ ትልቅ ወረቀት ወለሉ ላይ ዘርግታ ለሰኞ ክፍለ ጊዜዋ የሚሆን የሕዋስ ሥዕል መሳል ጀመረች። እናቷ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። የሺመቤት ክቡን ሳለች፣ መሐሉን ቀለም ቀባች፣ ለትንሽ አፍታ ብላ ጭንቅላቷን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ የትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆማለች። ትምህርት ቤቱ ግን ድቡልቡል ሆኗል። በአጥሩ ቦታ ዙሪያውን ሁለት ረድፍ ዘበኞች ተጋድመዋል። የአንደኛው ረድፍ ራስ ወደ ውጭ፣ የሌላኛው ራስ ወደ ውስጥ ነው፤ መሐል ላይ እግር ለእግር ተጋጥመዋል።

«ምነው እንዲህ ሆናችሁ ተኛችሁ?» አለቻቸው።

«እግራችን ውኃ ይጠላል» አለ ከውጭ በኩል ያለው ዘበኛ። «ራሳችን ደግሞ ያለ ውኃ አይሆንለትም። ታዲያ ምን እናድርግ?»

የሺመቤት ወዲያው ገባት። ይሄ የሕዋስ ሽፋን ነው፤ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምትስለው። በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ አለ። ርእሰ መምህሩ ከረባታቸውን አስረው ቆመዋል፤ ከሳቸው ኋላ ዳኞችና የባንክ ሥራ አስኪያጆች ቆመዋል። ማንም አያስገባቸውም። አየር ግን ሰላም እንኳ ሳይል በመሐላቸው እየሾለከ ይገባል።

«ምን ይዘሻል?» አላት ዘበኛው።

«መታወቂያ።»

«መታወቂያ ያለው አይገባም።»

«ዲግሪም አለኝ።»

«ጭራሽ! ትልቅ ነሽ ማለት ነው። እዚህ በቀላሉ የሚገባው ትንሽ ነው። ሂጂና አንሰሽ ነይ።»

«እንዴት ተደርጎ ነው የሚታነሰው?»

«እያለቀሱ ነዋ!»

የሺመቤት ለዚህ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። እዚያው አለቀሰች። ባለቀሰች ቁጥር ቁመቷ አጠረ፤ ጫማዋ ሰፋት፤ ቀሚሷ መሬት ነካ። በጀርባ የምትታዘል ልጅ ስታክል ዘበኛው እግሩን ገለጥ አደረገላትና ገባች።

ውስጡ መሬት የለውም። እንደ አጥሚት ወፈር ያለ ውኃ ነው፤ ሁሉም ነገር እዚያ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ ይጋፋል፣ ይቅርታም አይጠይቅም። በቀጭን ገመድ ላይ ሁለት እግር ብቻ ያለው ፍጥረት የቤት ያህል ከረጢት ተሸክሞ ይራመዳል።

«ወዴት ነህ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ? ከረጢቱን ጠይቂው።»

«አታስቁሚው!» አለ ከረጢቱ ከላይ ሆኖ። «እንዲህ እየቆመ ሲያወራ ነው የሚያስረፍደኝ።»

ፈንጠር ብሎ ዶቃ ሰኪዎች ተደርድረው ይሠራሉ። የሕዋሱ ፕሮቲን ሠሪዎች፣ ራይቦሶሞች ናቸው። ዶቃውን አንድ በአንድ ይሰኩታል፤ ሲያልቅ ክሩ ራሱን ይጠቀልልና አንዱ መቀስ፣ አንዱ በር፣ አንዱ ገመድ ሆኖ ይሄዳል። የሺመቤት ጠጋ ስትል አንደኛዋ ሰኪ ቀና ሳትል ፈተነቻት።

«ከምን ተሠራሽ?»

ይሄማ የሥራዋ ጥያቄ ነው። «ከፕሮቲን፣ ከስኳር፣ ከቅባት፣ ከኑክሊክ አሲድ። ከሁሉም የሚበዛው ግን ውኃ ነው» አለች።

«ዜሮ።»

«እንዴት ዜሮ? መጽሐፉ የሚለው ይሄንኑ ነው!»

«ይሄንን መልስ የመሐል ቤቱ ፍየልም መልሶታል» አለች ሰኪዋ፤ ጓደኞቿም ሳቁ። «ፍየሉ ከዚሁ ነው የተሠራው። አንቺን ከፍየሉ የሚለይሽ ምንድን ነው? ሂጂና እሱን ጠይቂው።»

ፍየሉ የሚኖረው መሐል ላይ ካለው ባለ ሁለት ግድግዳ ክብ ቤት ውስጥ ነው። ኒውክለስ ይሉታል። መነጽር አድርጎ፣ ጣሪያ በሚደርስ የተጻፈበት ክር መሐል ተቀምጧል።

«አትበላውም?» አለችው የሺመቤት እየፈራች።

«ሲርበኝ ግልባጩን እበላለሁ» አለ ፍየሉ። «ዋናው ከዚህ ቤት አይወጣም። ምን ፈለግሽ?»

ከሰኪዎቹ የተላከችበት ጥያቄ ከአፏ ጠፋ። ሌላ ጥያቄ ወጣ። «እናቴ እኔን የምታውቅበት ቦታ ተጽፎ ከሆነ አሳየኝ።»

ፍየሉ መነጽሩን አስተካክሎ ክሩን መፍታት ጀመረ። ፈታ፣ ፈታ። የሺመቤት አጠገቡ ቁጢጥ ብላ ጠበቀች።

«የዓይን አሠራር አለ» አለ ቆይቶ። «ዓይኑ ያየው ግን አልተጻፈም። የጆሮ አሠራር አለ፤ የሰማው ስም የለም። ጉንጭሽ ላይ ያለው ስርጉድ አለ፤ እሱን ማን እንደሳመው የለም።»

«ታዲያ የት ነው ያለው?»

«እኔ ፍየል ነኝ» አለ በሐዘን። «የማውቀው የተጻፈውን ነው።» ስታለቅስ አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ያለው ግማሹ ካባትሽ፣ ግማሹ ከእናትሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት። ከእናትሽ ብቻ የመጣ ነገር ከፈለግሽ እሳት ጠባቂዎቹ ዘንድ ሂጂ።»

እሳት ጠባቂዎቹ ሚቶኮንድሪያ ናቸው። የሺመቤት ተማሪዎቿን «የሕዋስ የኃይል ማመንጫ» እያለች ስንቴ አስጽፋቸዋለች። እንደሚያንጎራጉሩ ግን አታውቅም ነበር። ባቄላ የሚመስሉ ሞላላ ቤቶች ናቸው፤ ግድግዳቸው ወደ ውስጥ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ገብቷል፤ በየእጥፋቱ ሴቶች ተቀምጠው የተሰበረ ስኳር በአየር ያነዳሉ። ነበልባል የለውም። ሙቀት ብቻ አለው። ሴቶቹ ፊት የላቸውም፤ እጅ ግን አላቸው። የሺመቤት ጠጋ ብላ እጆቹን አየች። አጭር ጥፍር ያለው፣ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ የጎበጠ፣ የደብሪቱ እጅ ነው።

«የማን ናችሁ?»

«የእናትሽ» አለች ቅርብ ያለችው። «ከሷ በፊት የእናቷ። ከዚያም በፊት የእናቷ እናት። ወደ ላይ ብትቆጥሪ ሴት ብቻ ነው የምታገኚው።»

«አባቴስ?»

«እግዜር ይስጠው፣ ቁመት ሰጥቶሻል። እሳት ግን አላዋጣም።»

የሺመቤት አጠገቧ ተቀመጠች። «እናቴ ረሳችኝ» አለች።

«መርሳት ምንድን ነው?»

«አለማወቅ ነዋ። ስሜን አታውቅም። ፊቴን አታውቀውም። እርስዎ ትለኛለች።»

«እኛም ስምሽን አናውቅም፤ ማን ነግሮን? ፊትሽንም አይተነው አናውቅም። ግን አንድ ቀን በርዶሽ ያውቃል?»

«ደብረ ብርሃን እኮ ነው የምኖረው» አለች የሺመቤት። «ሁልጊዜ ይበርደኛል።»

«ከውስጥ ነው ያልነው።»

የሺመቤት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ሴትዮዋ በዚያ በጎበጠ አውራ ጣቷ እንባዋን ጠረገችላትና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ለማሞቅ ማወቅ ያስፈልጋል እንዴ?» አለች፤ ለመጠየቅ ሳይሆን እንደ መገረም ብላ።

«እኔ ግን ልጅ የለኝም» አለች የሺመቤት። «ከእኔ በኋላ ይሄ እሳት ወዴት ይሄዳል?»

«በኋላ የሚባል ነገር አናውቅም። አሁን ስኳሩን አቀብዪኝ።»

የሺመቤት ስኳሩን አቀበለቻት። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ሰይፉን ረሳች፤ ሻንጣውን ረሳች። ሴቶቹ ሲያንጎራጉሩ ዜማውን ታውቀው ይመስል አብራ አንጎራጎረች። እንዲህ ያለ ዕረፍት መቼ እንዳገኘች አታስታውስም።

ድንገት ከላይ ድምፅ መጣ። «ልንካፈል ነው! ሁሉም ሰው ይዘጋጅ፣ ልንካፈል ነው!»

«ተካፍለን ስንት ልንቀር ነው?» አለች የሺመቤት ደንግጣ።

«ሁለት!»

«ማካፈል እኮ ይቀንሳል!»

«የት አገር ነው የተማርሽው?» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ።

ፍየሉ ክሩን እጥፍ አድርጎ ጽፎ ጨርሷል፤ መነጽሩን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። ገመዶች ከወዲያና ከወዲህ ተወጥረው ክሩን ለሁለት ጎተቱት። ድቡልቡሉ አገር ወገቡ ላይ መቀነት እንደታሰረበት ሰው ቀጠነ። ዶቃ ሰኪዎቹ እየሰኩ ገሚሶቹ ወደዚያ፣ ገሚሶቹ ወደዚህ ሄዱ። እሳት ጠባቂዎቹም ተከፈሉ። የሺመቤት ጠባቡ ቦታ ላይ መሐል ቀረች።

«በየት በኩል ልሂድ?» ብላ ጮኸች።

«ደስ ባለሽ!» አሉ ከሁለቱም ወገን። «በሁለቱም በኩል አለን!»

አንድ ገመድ እጅጌዋን ያዘና ጎተታት። ደግሞ ጎተታት። ደግሞ።

እጅጌዋን የሚጎትቱት እናቷ ናቸው። ከወንበራቸው ወርደው ወለሉ ላይ፣ ሥዕሉ ላይ ተቀምጠዋል። ቀሚሳቸው አረንጓዴ ቀለም ነክቶታል።

«እማዬ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «እማዬ፣ ራበኝ።»

የሺመቤት እንደ ልማዷ ልታርማቸው አፏን ከፈተች። ፊታቸውን አየች። እንዲህ ባለ እምነት ማንም አይቷት አያውቅም። አፏን መልሳ ዘጋች።

«ወዬ» አለች በመጨረሻ። «መጣሁ፣ አሁን አቀርብልሻለሁ።»

እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው፤ ቀለሙን ከቀሚሳቸው ላይ ጠረገችላቸው። ገና ወደ ኩሽና ሳይደርሱ የውጭው በር ተንኳኳና ሰይፉ ገባ፤ ግንባሩን ብርዱ አቅልቶታል። እናቱን ሊስም እጁን ዘርግቶ መጣ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሮጥ ብለው የሺመቤት ኋላ ተደበቁና ቀሚሷን ጨምድደው ያዙ።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ እንዳይወስደኝ።»

ሰይፉ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሻንጣውን አየ፤ እህቱን አየ።

«አይወስድሽም ልጄ» አለች የሺመቤት፣ ዓይኗን ከወንድሟ ላይ ሳትነቅል። «ምሳ ሊበላ ነው የመጣው።»