ታጥቦ የመጣው ጠገራ

የእንፍራንዟ እማማ ስንዱ በድለውኛል። ስማቸውን አስቀድሜ የምጠራው ሐሜት እንዳይሆንብኝ ነው፤ ሐሜተኛ ስም ይደብቃል፣ እኔ ግን ቢጠሩኝ እሳቸው ፊትም እደግመዋለሁ። በአመድና በሎሚ በደሉኝ። ክንዳቸው እስኪዝል አሽተው በደሉኝ። በዚህ ዕድሜዬ የበደለኝ ሰው ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ አክብሮ የበደለኝ ግን ከእሳቸው ሌላ አላውቅም።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እኛ አገር «አትቸገሩ» ብሎ ሳይበላ የወጣ እንግዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «አሁን ከቤት በልቼ ነው የመጣሁ» ያለ ሰው እጅ ማስታጠቢያ ያልቀረበበት ቤት የትኛው ነው? አንዷ «አትድከሚ» ስትል ባለቤቲቱ የምትሰማው «ድከሚልኝ፤ እኔ ግን ጨዋ ስለሆንሁ አልጠይቅሽም» የሚለውን ነው። ደግሞም ብዙ ጊዜ ልክ ናት። ጉዱ የሚፈላው ከልብሽ «አትድከሚ» ያልሽ ቀን ነው። ያን ቀን የሚያምንሽ የለም።

እኔ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ የሐበሻ ልብስ እሸጣለሁ። ትምህርት ቤት የተውሁት በልጅነቴ ነው፤ ማንበቡን ግን አልተውሁም። ዕቃ ተጠቅልሎበት የመጣ ጋዜጣ ካገኘሁ እጥፋቱን በመዳፌ አስተካክዬ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ መጨረሻው ተቀዶ ከሆነ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ያበሳጨኛል። እንዲህ ሳነብ ሳነብ ከጠገራ ብር ላይ ደረስሁ። ያ ደረተ ሰፊዋ የኦስትሪያ ንግሥት ያለችበት፣ አያቶቻችን የዘጌን ቡና ሸጠው የተቀበሉት፣ ሴቶቻችን ባንገታቸው ያንጠለጠሉት ብር። ልቤ ገባ። ሌላዋ በእኔ ዕድሜ ወርቅ ያምራታል፤ እኔን ያማረኝ አንድ ያልተነካ ጠገራ ነበር።

ያልተነካ ማለቴን ልብ በሉልኝ። እኛ አገር ያልተበሳ፣ ማንጠልጠያ ያልተበየደለት፣ በአንገት ላብ ያላለቀ ጠገራ ማግኘት መከራ ነው። በስልክ ሲሆን ደግሞ መከራው ይብሳል። ሻጩ አንዱን ገጽ ብቻ ፎቶ አንሥቶ፣ የመብራት ነጸብራቅ ለቆበት፣ ሥሩ «ብርቅዬ ነው፣ በዓለም ላይ ብቸኛው ነው» ብሎ ይጽፋል። ብቸኛውን በማግሥቱ ሌላ ሦስት ሰው ይለጥፈዋል። «ዓመተ ምሕረቱን እዩት» የሚሉም አሉ። የጠገራ ሁሉ ዓመተ ምሕረት አንድ ነው፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ ለስንት ዘመን የተመታውም ያንኑ ቁጥር ይዞ ነው የወጣው። ቁጥሩን አይቶ የገዛ ሰው የገዛው ቁጥር ነው።

የጥንት ሳንቲም ወዳጆች የምንገናኝበት የቴሌግራም ቡድን አለን። በቡድኑ ውስጥ ራሱን «ሊቀ ሳንቲም» ብሎ የሰየመ፣ የሁሉን ሳንቲም ደረጃ የሚሰጥ፣ እዚሁ ባሕር ዳር የሚኖር ጎልማሳ አለ። ማዕረጉን ማን እንደሰጠው ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። አንድ ቀን ስለ ጠገራ ጠርዝ ጽሑፍ ብጠይቀው ሁሉም በሚያይበት እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፦

«እትዬ የሺ፣ ይኼ የጥበብ ጥለት አይደለም። ነጠላዎን ይሽጡ፣ ሳንቲሙን ለእኛ ይተዉልን።»

ሥሩ የሚስቅ ፊት ተደረደረ። ከሳቁት ግማሾቹ ለሚስቶቻቸው ቀሚስ ከእኔ የሚገዙ ናቸው፤ የትኛዋ ሚስት ወገቧ ምን ያህል እንደሚሰፋ የማውቅ ሴት ላይ መሳቅ ድፍረት ይጠይቃል። እኔም ጻፍሁ፦ «ለሚመጣው ስብሰባችን ጠገራ ይዤ እመጣለሁ። እውነተኛ፣ ያልተበሳ፣ ያልታጠበ። ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» ያለኝ ስም አንድ ነው፤ እሱንም በአደባባይ አስይዤው ነበር።

ቆየት ብሎ የእንፍራንዙ አዳነ ብቅ አለ። ሚኒባስ ነው የሚነዳ። የአያቱን ጠገራ ለጥፎ ነበር፤ ፎቶው ደብዝዟል፣ አውራ ጣቱም አብሮ ገብቷል። ወደድሁት። የአጭበርባሪ ፎቶ እንዲህ አይበላሽም። ጠገራው እንደ ጓዳ ድስት ጠቁሯል፤ እሱን ደግሞ ይበልጥ ወደድሁት። ያ ጥቁረት እድፍ አይደለም፤ ብሩ በዘመን ብዛት ያወጣው የራሱ ቆዳ ነው። ከሥሩ የንግሥቲቱ ፀጉር አንድ በአንድ ይታያል፤ የብዙ እጅ የነካው ቢሆን መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነበር። ያጠበው ሰው ቆዳውን ይገፈዋል፣ በምትኩ ጭረት ይተክልበታል፣ ደረጃውም ዱብ ይላል።

አዳነን አላስቀመጥሁትም። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ አቅርበህ አንሣልኝ አልሁት፤ ዙሪያው ዘጠኝ ዕንቁ ሊኖር ይገባል፣ አስመሳዮች እዚያ ላይ ይሳሳታሉ። ዘጠኝ ነው። ጠርዙን አሳየኝ አልሁት፤ ፊደሎቹ ከብሩ ወጣ ወጣ ብለው ዙሪያውን ይሄዳሉ፣ በቅርጽ ውስጥ ፈሶ የተሠራ ቢሆን እዚያ የመጋጠሚያ መስመር ይገኝ ነበር። ወረታ ስታልፍ ወርቅ ሠሪ ዘንድ አስመዝነው አልሁት፤ ልክ ነው። በመጨረሻ፣ ጣትህ ጫፍ ላይ አስቀምጠህ በእርሳስ ነካ አድርገውና ድምፁን ቅዳልኝ አልሁት። መጀመሪያ የላከው የሞተር ድምፅ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ግን ብሩ ጥርት ብሎ፣ ረዘም ብሎ ጮኸ፤ ከኋላውም የአንዲት እናት ድምፅ ተሰማ።

«ይህች ሴት ደግሞ ብሩን የምታስጮኸው እንደ ደወል ልትሰቅለው ነው?»

እማማ ስንዱን የተዋወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ገዛሁ። ከዚያም ድምፄን ቀድቼ ላክሁ፦ «አደራ አዳነ፣ እንዳታጥቡት። እንዳለ ላኩልኝ።» ከልቤ ነበር ያልሁት። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትሁት።

በሚኒባስ ደረሰ። በነጭ ንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሯል። ፈታሁት፤ እንደ አዲስ ማንኪያ አበራብኝ። ከወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ ስልክ መታሁ።

«እኔ የለሁበትም እትዬ» አለ አዳነ ገና አቤት ሳይል። «ለእናቴ ነግሬያት ነበር።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«‹ጨዋ ሴት ናት፣ አትቸገሩ ማለቷ ነው› አለች።»

ገበያው የሚፈራውን አፌን ስስል፣ ስልኩን ለእናቱ አቀበላቸው።

«ደረሰልሽ ልጄ? ክንዴ እስኪዝል ነው ያሸሁት። በዚያ ጥቀርሻው ብሰደው የሰው ወግ አያውቁም ትዪን አልነበር?»

ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ተነነ። «እጅዎ ይባረክ እማማ፣ ምነው እንዲህ ለፉ» አልሁ። «ምን ለፋሁ» አሉ፤ ደስታቸው በስልኩ ውስጥ ታየኝ።

ስብሰባው ቀርቦ ነበር። ከጎኔ ያለችው ልብስ ሻጭ ትብለጥ «አመመኝ በይና ቅሪ» አለችኝ። ከመቅረት የተሻለ ተንኮል እኔም አላጣሁም ነበር፤ ብር ከተቀቀለ እንቁላል አስኳል ጋር በዕቃ ተዘግቶበት ቢያድር መልሶ እንደሚጠቁር አንብቤያለሁ። እንዲያውም እንቁላሉን ቀቀልሁት። ልጬ ስጨርስ ግን ጨርቁን አየሁት፤ እማማ ስንዱ ጠርዙን ሳይቀር ቀምቅመውታል። አንዲት እናት ለእኔ ክብር ብላ ያነጣችውን፣ ሊቀ ሳንቲምን ፈርቼ ላጠቁረው ነው? ከጠቆረም በኋላ እኔ ፎቶ በነጸብራቅ ከሚያነሡት በምን እለያለሁ? እንቁላሉን በሚጥሚጣ በላሁት።

ስብሰባው ጣና ዳር፣ ከአንድ መናፈሻ ዛፍ ሥር ነበር። ሊቀ ሳንቲም ማጉያ መነጽሩን አወጣ። ዕንቁዎቹን ቆጠረ። ጠርዙን አዞረ። መዘነ። የሁሉም አንገት ወደ እሱ ተመዟል።

«እውነተኛ ነው» አለ፣ ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው። እኔ ቀና ብዬ ተቀመጥሁ። ቀጥሎ ብሩን ወደ ሐይቁ ብርሃን ዘንበል አደረገውና ፊቱ ፈካ።

«ግን ታጥቧል። ያልታጠበ ብለው አልነበር እትዬ የሺ? ደረጃው ወድቋል። ምነው፣ ከነጠላው ጋር ዘፈዘፉት?»

ሳቁ። ጠገራውን ከእጁ ወሰድሁ፤ በእማማ ስንዱ ጨርቅ መልሼ ቋጠርሁና እንዲህ አልሁት፦

«ታጥቦ የተላከው ወደ እኔ ቤት ስለሚመጣ ነው። ወደ አንተ ቤት ቢሆን ኖሮ በአቧራው ይላክ ነበር።»