ሳንከስር ፍሪጅ እንግዛ

(ጆሃንስበርግ፤ ኮሮና የገባበት ዓመት፣ እገዳው ላላ ብሎ ሱቆች የተከፈቱ ሰሞን። መሃል ከተማ፣ አንድ የቤት ዕቃ መደብር በር ላይ። ይገረም ከከተማው ወጣ ባለው ጻካኔ ሰፈር የብርድ ልብስና የጃኬት ሱቅ አለው፤ ዱካሞ የሱቁ ሠራተኛና የባኪዋ፣ የትንሿ ጭነት መኪና፣ ሹፌር ነው። ሁለቱም ማስክ አድርገዋል፤ የይገረም ግን አገጩ ላይ ነው ያለው። ባኪዋ ላይ ፍሪጅ፣ ትልቅ አልጋ፣ ፍራሽና የሕፃን አልጋ ተጭኗል። ዱካሞ አንድ ካርቶን አቅፎ ቆሟል።)

ዱካሞ፦ እሺ ድስት ነው እንበል። ድስት ከሆነ ክዳኑ የታለ?

ይገረም፦ ድስት ነው መች አልኩህ? ኤር ፍራየር ነው! ያለ ዘይት፣ በአየር ነው የሚጠብሰው።

ዱካሞ፦ በአየር?

ይገረም፦ በአየር።

ዱካሞ፦ አየር ቤት የለም እንዴ ጋሼ?

ይገረም፦ አለ! ግን አይጠብስም!

ዱካሞ፦ ዘይት ለመቆጠብ ከሆነ እኮ በዚህ ዋጋ አንድ በርሜል ዘይት ይገዛ ነበር።

ይገረም፦ ኡፍፍ! አንተን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ሳያብድ አይመለስም። ዝም ብለህ ጫነው! ለቤተሰብ አስፈላጊ ዕቃ ነው።

ዱካሞ፦ (ካርቶኑን እየጫነ) አልገባኝም። ትናንት ሱቅ ውስጥ ጭንቅላትህን ይዘህ «ዱካሞ፣ ከሰርኩ፣ አለቀልኝ» አልከኝ። እኔም አብሬህ አለቀስኩ። ዛሬ ደግሞ ፍሪጅ እንገዛለን። አሁን እኔ ልቅሶውን ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ይገረም፦ (ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ) ስማ። መክሰር ሌላ፣ መክሰርን ማወጅ ሌላ። የከሰርኩትማ ሎክዳውኑ የገባ ቀን ነው። መጀመሪያ ሱቁን አስዘጉኝ፤ ሲከፈት ደግሞ ደንበኛው ሁሉ ሥራ አጥቶ ብርድ ልብሱን ዳሶ ዳሶ ይሄዳል። የማውጀው ግን ነገ ነው።

ዱካሞ፦ በሬዲዮ?

ይገረም፦ የምን ሬዲዮ! ለጋሽ አየነው ደውዬ ነዋ! ዕቃ በዱቤ ከሚሰጡኝ ጅምላ ሻጮች ዋናው እሳቸው ናቸው፤ ሌሎቹም በሙሉ እሳቸውን ነው የሚሰሙት። «ከስሬያለሁ» እላቸዋለሁ፣ ሽማግሌ ይዘው ቤቴን ያያሉ፣ ባዶ መሆኑን ያረጋግጣሉ፣ ዕዳው ይራዘምልኛል። ካወጅኩ በኋላ ግን አንድ ማንኪያ ብገዛ «በማን ገንዘብ?» ነው የሚሉኝ። ስለዚህ እጄ ላይ በቀረችው ብር ማንኪያው የሚገዛው ዛሬ ነው። ገባህ?

ዱካሞ፦ ገባኝ። ማንኪያ ረስተናል።

ይገረም፦ ማንኪያው ምሳሌ ነው!

ዱካሞ፦ ኤር ፍራየሩስ?

ይገረም፦ እሱ የእውነት ነው!

ዱካሞ፦ እሺ አትቆጣ። ብቻ ጋሽ አየነው ያመኑህ ሰው ናቸው፣ እኔ ለሳቸው ነው ያዘንኩት።

ይገረም፦ ለእኔስ? ለራሴ ብዬ መሰለህ? ትሩፋት ወሯ ገብቷል እኮ! አሮጌውን አልጋ ሸጠን በልተነዋል፤ እሷን እህቷ ቤት ነው ያስቀመጥኳት። ስንት ዓመት ሰው አገር ለፍቼ፣ የመጀመሪያ ልጄን የብርድ ልብስ ካርቶን ውስጥ ላስተኛ? ሞቼ ነው! እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። እንቅልፍ የሚባል ነገር ካየሁ ቆይቻለሁ።

ዱካሞ፦ (ዓይኑን በማስኩ እየጠረገ) አይዞህ ጋሼ። እንደሱ ከሆነ አልጋው ይገባል። ፍሪጁም ይገባል። ቲቪው ነው ትንሽ ያልገባኝ።

ይገረም፦ የቱ ቲቪ?

ዱካሞ፦ ያ ግድግዳ የሚያክለው፣ ውስጥ እየጠቀለሉልን ያለው።

ይገረም፦ ልጁስ? ዓለም ምን ላይ እንዳለች ሳያይ ይደግ?

ዱካሞ፦ ገና አልተወለደም እኮ።

ይገረም፦ ሲወለድማ ከስሬ ነው የምጠብቀው! ያኔ ማን ይገዛለታል?

ዱካሞ፦ እሱስ ልክ ነህ። የብራይ፣ የከሰል ሥጋ መጥበሻውስ?

ይገረም፦ አራስ ሥጋ አትበላም?

ዱካሞ፦ በኤር ፍራየሩ አይጠበስላትም?

ይገረም፦ ሎድሼዲንግ መጥቶ መብራት ሲጠፋስ? አየህ! የአንተ ችግር ይሄ ነው፣ አርቀህ አታስብም!

(የመደብሩ ጥበቃ ቲቪውን በጋሪ እየገፋ ይመጣል። ይገረምን አይቶ ማስክህን አድርግ ብሎ በእጁ ምልክት ይሰጠዋል።)

ዱካሞ፦ ሳውቦና ባባ! ቀስ፣ ቀስ! ሻርፕ፣ ሻርፕ! (ተቀብሎ ይጭናል) በል ጋሼ፣ ግባና ወደ ጻካኔ እንንዳው።

ይገረም፦ ወዴት? ጻካኔ? ሽማግሌ ሊያየው ቤቴ ላስገባው? ወደ ዱርንፎንቴን፣ አንተ ክፍል ነው የምታራግፈው!

ዱካሞ፦ እኔ ክፍል? እኔ ራሴ በጎኔ ዞሬ ነው የምገባው!

ይገረም፦ ትችለዋለህ። ዋናው እሱ አይደለም። እዚያው አጠገብ ያለው የጄፒ ሐበሻ ዓይኑ ብዙ ነው፣ አንዱ አይቶ ይናገራል፤ ሽማግሌዎቹ አንተም ጋ መምጣታቸው አይቀርም። «ይሄ ዕቃ የማነው?» ቢሉህ ምን ትላለህ?

ዱካሞ፦ የጋሼ ነው፣ ግን እንዳትናገር ብሎኛል።

ይገረም፦ ወይኔ ጉዴ! በእናትህ፣ «የኔ ነው» በል። ድገመው።

ዱካሞ፦ ያንተ ነው።

ይገረም፦ የኔ አይደለም! ያንተ ነው!

ዱካሞ፦ (ደንግጦ) ሁሉም?

ይገረም፦ እስኪያልፍ ድረስ ነዋ! ሳትንተባተብ ትላቸዋለህ። ብሩን ከየት አመጣኸው ካሉህ ደግሞ «ከደሞዜ ቆጥቤ» በል።

ዱካሞ፦ ከየትኛው ደሞዝ?

ይገረም፦ ከደሞዝህ!

ዱካሞ፦ ከሎክዳውኑ ወዲህ መች ከፍለኸኝ ታውቃለህ?

ይገረም፦ እሱን እንዳታነሳ! «ጋሼ ይገረም ደሞዜን አንድ ቀን አዛንፎብኝ አያውቅም» በላቸው።

ዱካሞ፦ ውሸት ነዋ!

ይገረም፦ የጌታህን ገመና መሸፈን ውሸት ነው እንዴ? እንኳን አንተ ሌላም ያደርገዋል። በል ንዳ!

ዱካሞ፦ (ሞተሩን እያስነሳ) «የኔ ነው... ከደሞዜ ቆጥቤ... የኔ ነው...» ሃይቦ! ከደጋገምኩት እኔም ማመን ልጀምር ነው።

(በማግስቱ ከሰዓት በኋላ። ጻካኔ፣ የይገረም ቤት። ክፍሉ ባዶ ነው። ይገረም የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያወዛወዘ ይጠብቃል። ዱካሞ ይገባል።)

ይገረም፦ ና፣ ና፣ ና! መጀመሪያ የኔን ልንገርህ! ጋሽ አየነው ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡልህ። በሩ ላይ እንደቆሙ አዩ፤ ባዶ! «የምትቀመጥበት እንኳ የለህም?» አሉኝ። ሳጥኑን ጠቆምኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡልህ! እኔ እኮ ቲያትር ቤት መቀጠር የነበረብኝ ሰው ነኝ! አንተስ ጋ እንዴት ነበር?

ዱካሞ፦ መጡ።

ይገረም፦ ዕቃውን በደንብ አዩት?

ዱካሞ፦ ፍሪጁን ሳይቀር ከፍተው አዩ። ውስጡ የኔ ዳቦ ነበር።

ይገረም፦ ሳትንተባተብ አልክ?

ዱካሞ፦ አልኩ። አልጋውን አዩና «ለብቻህ ነው?» አሉኝ። «ስተኛ እገላበጣለሁ» አልኳቸው።

ይገረም፦ አንበሳ!

ዱካሞ፦ ስለ ደሞዙም እንዳስጠናኸኝ ነገርኳቸው። «ጋሼ አዛንፎብኝ አያውቅም፣ እኔም አላባክንም» አልኩ። ከዚያ የሕፃኑን አልጋ አዩ።

ይገረም፦ (ቀጥ ብሎ) ውይ! እሱን አላስጠናሁህም!

ዱካሞ፦ አላስጠናኸኝም። «ሚስት አለህ?» አሉኝ። «የለኝም» አልኩ። «እጮኛስ?» «የለኝም።» «ታዲያ ይሄ የማነው?» ላቤ ጠብ አለ ጋሼ። ከዚያ «እኔ አርቄ ነው የማስበው» አልኳቸው።

ይገረም፦ (ሳቁ አፍኖት) እና አመኑህ?

ዱካሞ፦ ጋሽ አየነው አለቀሱ። «እንዲህ ያለ ልጅ አለ ለካ!» አሉ።

ይገረም፦ (ጭኑን እየመታ) እኔ ጋም ደውለው ነበር እኮ! «ዱካሞ ቤት ያለው ንብረት የማነው?» አሉኝ። «ልጄን አያሳየኝ፣ የዱካሞ ነው! አንዲት ሹካ የኔ የለችበትም!» ብዬ ማልኩላቸው።

ዱካሞ፦ ሰምተናል። ስፒከር ላይ አድርገውህ ነበር።

ይገረም፦ ዕዳውስ? ዕዳው ተራዘመ?

ዱካሞ፦ እስከሚቀጥለው የብርድ ወቅት ተራዘመ።

ይገረም፦ (ተነስቶ እስክስታ እየመታ) አላልኩህም? አላልኩህም! ጭንቅላት ነው ወንድሜ! ሱቁን ነገ እንከፍታለን!

ዱካሞ፦ እንከፍታለን። ጋሽ አየነውም አዲስ ዕቃ በዱቤ እጨምራለሁ ብለዋል።

ይገረም፦ እልል በል እንጂ!

ዱካሞ፦ እልል። ግን ስለ ሱቁ ትንሽ ተወያይተው ነበር።

ይገረም፦ (እየጨፈረ) ምን አሉ?

ዱካሞ፦ «ባለሱቁ ይሄን ሁሉ ዘመን ነግዶ መቀመጫ እንኳ የለውም። ሠራተኛው እሱ በሚከፍለው ደሞዝ ፍሪጅ ገዛ፣ አልጋ ገዛ፣ ግድግዳ የሚያክል ቲቪ ገዛ። ከሁለቱ ገንዘብ መያዝ የሚያውቀው ማነው?» አሉ።

ይገረም፦ (ትከሻው በአየር ላይ ቀርቶ) ማነው አሉ?

ዱካሞ፦ እኔ ነኝ አሉ።

ይገረም፦ እና?

ዱካሞ፦ እና ሱቁን ዱካሞ ይያዘው ተባለ። ዱቤውም በኔ ስም ይሆናል። አንተም አትጣልም፣ የቤተሰብ ኃላፊ ስለሆንክ እኔ ጋ ትቀጠራለህ።

ይገረም፦ እኔ? አንተ ጋ? አንተ ሰውዬ፣ አውቀህ ነው እንዴ?

ዱካሞ፦ እኔ ያስጠናኸኝን ነው ያልኩት። የሕፃኑ አልጋ ላይ ብቻ ነው ከራሴ የጨመርኩት።

ይገረም፦ እደውላለሁ! አሁኑኑ እደውላለሁ! ዕቃው የኔ ነው፣ ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ!

ዱካሞ፦ እሱም ይቻላል። ግን ያኔ ዕዳህን ዛሬ ክፈል ነው የሚሉህ። ደግሞስ በልጅህ ምለህ የለ?

ይገረም፦ (ሳጥኑ ላይ ዘፍ ብሎ) ወይ አምላኬ! እሺ ሱቁን ውሰድ። ቲቪውንም ውሰድ። የልጄን አልጋ ብቻ... ትሩፋት ዛሬ ነገ ናት እኮ ዱካሞ። ምን ብዬ ነው ፊቷን የማየው?

ዱካሞ፦ ኧረ እሱ አልጠፋኝም ጋሼ! ሽማግሌዎቹ ሳይነሱ ጨረስኩት። «ባለቤቱ መውለጃዋ ደርሷል፣ ቤቱ ባዶ ነው። እኔ ወንደላጤ ነኝ፣ ምን ያጣድፈኛል? አልጋዎቹንና ፍሪጁን ከኔ አውጥቼ ልስጣቸው» አልኩ። ይኸው ባኪዋ ተጭና ደጅ ቆማለች።

ይገረም፦ የኔን አልጋ ለኔ?

ዱካሞ፦ አዎ። ሁሉም ቆመው መረቁኝ። ከቡራኬው ብዛት እኔም ተደናገርኩ። (ስልኩን አውጥቶ ይደውላል)

ይገረም፦ ደግሞ ለማን ነው?

ዱካሞ፦ ለጋሽ አየነው። ዕቃውን ስትረከብ ድምፅህን ይሰሙ ዘንድ ተሰብስበው እየጠበቁ ነው። (ስልኩን ወደ ይገረም አፍ አስጠግቶ) ሄሎ ጋሽ አየነው! አዎ፣ አጠገቤ ነው። በል አመስግነኝ።

ይገረም፦ (ወደ ስልኩ ጎንበስ ብሎ) ዱካሞ... ለአልጋዬ... ለአልጋህ... እግዜር ይስጥልኝ።

ዱካሞ፦ ምንም አይደል ጋሼ። ነገ ግን ሥራ እንዳታረፍድ።