አጥቂው ሥራ ሲፈልግ

«ነበር ባይሰበር» ይላሉ አባቶች። የኦሃዮዋን ከተማ ኮሎምበስን ስላላዩ ነው እንጂ፣ እዚህ ነበር ተሰብሮም ያገለግላል። ዋይትሆል በሚባለው ሰፈር በምንኖርበት አፓርትመንት ውስጥ መቶ አለቃ ያልነበረ፣ ዳይሬክተር ያልነበረ፣ ቢያንስ የዳይሬክተር አጎት ያልነበረ ሰው ብትፈልጉ የምታገኙት እኔን ብቻ ነው። እኔ የቄስ ትምህርቴን ዳዊት ደግሜ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ምንም አልነበርኩም፤ ተመስገን፣ የሚሰበርብኝም የለም።

ከነበሮቹ ሁሉ እውነተኛው ግን ሐበሻ አይደለም። ፖርቱጋላዊው ጎረቤታችን ዮአኪም ነው። እኛ ኢያቄም እንለዋለን፤ የእመቤታችን አባት ስም እንዲያ ተጣሞ ሲጠራ ዝም ማለት አይገባም ብለን። በሀገሩ ትልቅ ክለብ አጥቂ ሆኖ ስንት ዓመት ግብ ሲያገባ ኖሮ፣ ጉልበቱ ሲከዳው አበባ ሰጥተው ሸኙት። አበባ ጥሩ ነው፤ የቤት ሬንት ግን አይከፈልበትም። ሚስቱ ልትወልድ ደርሳለች፣ እሱ ሥራ የለው።

እኔና ጋሼ ለማ ኦቤትስ በሚባል ሰፈር፣ የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ውስጥ ሣጥን እንጭናለን። ጋሼ ለማ እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ማለቴ፣ አይፈራም። «ይህን ልጅ እኔ አስገባዋለሁ!» ብሎ እየጎተተ ይዞት አለቃችን ቢሮ ገባ። እኔም ለጸሎት ያህል ተከተልኩ።

አለቃው፣ «ምን ሲሠራ ነበር?» ቢለው ጋሼ ለማ ደረቱን ነፍቶ፣ «ስትራይከር! ቤስት ስትራይከር!» አለ።

አለቃው ኩባያውን አስቀመጠ። እንግዲህ ለእኛ ስትራይከር ማለት ጎል አግቢ ነው። ባለፈው ክረምት ሠራተኛው ሥራ አቁሞበት ዌርሃውሱ ተዘግቶ ለከረመ አለቃ ግን አድማ መቺ ማለት ነው። ያውም ቤስት!

«እዚህ ስትራይክ የሚባል ነገር አልፈልግም!» አለ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

ጋሼ ለማ ቃሉ ከበደው ብሎ አዘነለት። አዋቂ ነውና «አጥቂ» ከሚለው አማርኛ ቀድቶ ተረጎመለት።

«ኖ፣ ኖ! አታከር!»

አታከር ለፈረንጅ ሰው የሚደበድብ ነው፤ አለቃው ፖሊስ ሊጠራ ስልክ አነሳ።

እኔ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። ኢያቄም፣ አንዱም ያልገባው፣ ስለ ጉልበቱ የተጠየቀ መስሎት ሱሪውን ሰብስቦ ጠባሳውን አሳየ። «ፉትቦል» አለ።

ስልኩ ቦታው ተመለሰ። «ፉትቦል?» አለቃውም የራሱን ሱሪ ሰብስቦ፣ ተማሪ ሳለ በፉትቦል የተሰበረ ጉልበቱን አወጣ። ጉልበት ለጉልበት ተያይተው ሳቁ። «ሰኞ ይጀምር!»

ኦሃዮ ውስጥ ፉትቦል ማለት በእጅ የሚያዘው፣ እንቁላል የሚመስለው መሆኑን ማን ይንገረው? እኔ? አልዋሸሁም፤ ዝም ነው ያልኩት። ዝም አይነቅዝም።

ሰኞ በምሳ ሰዓት አለቃው የጠፋ ወንድሙን ያገኘ ሰው መስሎ ያንን እንቁላል ይዞ ከች አለ። «ካች!» ብሎ ወረወረለት። ኢያቄም ዕድሜውን ሁሉ ኳስ በእጁ እንዳይነካ የተማረ ሰው ነው፤ ዘሎ በግንባሩ ገጨው። ግንባሩ ተላጠ፣ ኳሱ ትራክ ሥር ገባ።

«ለመሆኑ» አለ አለቃው ዓይኑን አጥብቦ፣ «ምን ቦታ ነበር የምትጫወተው?»

ጋሼ ለማ ሊያስረዳ አፉን ከፈተ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እግሩን ረገጥኩት፤ ብረት አፍንጫ ባለው የሥራ ጫማዬ። በጋሼ ለማ ጩኸት አለቃው ጥያቄውን ረሳው።

ይኸው ኢያቄም የሴት ልጅ አባት ሆኖ ሥራው ላይ አለ። አሁን የሚያነክሰው ጋሼ ለማ ነው።