የጋሽ ወልዴ አወዳደቅ

ከዚህ በታች ከምነግርህ ውስጥ አንዲት ቃል ብጨምር አፈር ልብላ። ዕድሜዬን ይቁረጠው። ያልሆነ ነገር ማውራት ድሮም አልወድም፤ የሆነው መቼ አልቆ!

ሰሞኑን ቦንጋ ላይ ምን አየሁ መሰለህ? ሦስት ጎረምሶች፣ ጭንቅላታቸው ላይ ግማሽ ቅል የሚመስል ቆብ ደፍተው፣ እግራቸው ላይ የተጣበቀ ሱሪ አጥልቀው፣ ብስክሌት እየገፉ ጠጠር መንገድ ያጠያይቃሉ። አስፋልቱን ትተው! እኛ አስፋልት ስጡን እያልን ስንጮህ ጸጉራችን ሸበተ፤ እነሱ ከአዲስ አበባ ድረስ ጠጠር ፍለጋ መጡ። በውጭ አገር ሰው እንዲህ እያደረገ የወይን እርሻ ለእርሻ ይዞራል፣ በየደረሰበት አንዳንድ ብርጭቆ ይቀምሳል፣ መዝናኛ ነው አሉኝ።

መዝናኛ? ወዳጄ፣ ይሄን ነገር ካፋ ውስጥ የጀመርኩት እኔ ነኝ። አልተዝናናሁም።

ወይን የለንም እንጂ ማር አለን። የእኛ ወይን ዛፍ ላይ በተሰቀለ ቀፎ ውስጥ ነው የሚያፈራው። ከቦንጋ ወደ ዋጫ ስትሄድ ጠጅ የሌለው ቤት አታገኝም። ብታገኝም ባለቤቱ ከጎረቤት ተበድሮ ያጠጣሃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔ ቦንጋ አስተምራለሁ። የእህቴ ልጅ አድማሱ ደግሞ ዋጫ ያስተምራል። እዚያ የአቶ ኃይለሚካኤልን ልጅ አስቴርን ወደደ። እሷም ወደደችው። አባትየው ግን ክብር የሚወዱ፣ ለሰላምታ ሟች፣ የድሮ ሰው ናቸው። ሽማግሌ ይምጣ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እጠብቃለሁ አሉ። በማግሥቱ እሑድ ደግሞ የአንድ የቡና ነጋዴ ሽማግሌዎች ቀጠሮ አላቸው። እኛ ቅዳሜ ካልደረስን አስቴር ወደ ነጋዴው ሄደች ማለት ነው። አድማሱ፣ አጎቴ ብትቀር እሞታለሁ ብሎ ላከብኝ። እህል መቅመስ እንደተወ የነገረኝ መልእክተኛው ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ አውቶቡሱ የለም። ጎማ ሊያመጣ ጅማ ሄዷል። ጎማ የሌለው አውቶቡስ በምን ሄደ ብለህ አትጠይቀኝ። 

አብሮኝ የሚሸመግለው ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ ነው። ትልቅ ሰው፣ ጨዋ፣ ቸኩሎ የማያውቅ። የእኔን የቻይና ብስክሌት አወጣሁ፣ ለእሱ ከባልደረባዬ ተዋስኩ፣ ማልደን ተነሣን።

የዚያን ጊዜ መንገድ ላይ ጠጠር ያፈሰሰው ሰው ቂም ቢኖርበት ነው። እንቁላል የሚያህል ጠጠር ነው ሲሉኝ የዶሮ መስሎኝ ነበር፤ የሰጎን ኖሯል። ጥርሴ ከእኔ ኋላ ኋላ እየተከተለ ነው ዋጫ የገባው። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ቆሜ አስተማርኩ። ይሁን፣ ቆሞ ማስተማር የሙያው ነው። ቆሜ ራት ስበላ ግን ሚስቴ አለቀሰች።

ጠጠሩንስ ቻልኩት። ጋሽ ወልዴን ግን በምን ልቻለው? ገና ከቦንጋ እንደወጣን አንድ ሽማግሌ ከሩቅ አየ። ቀጥ አለ፤ ወረደ፤ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ። የሰውየውን ጤና፣ የሚስቱን፣ የልጆቹን፣ የከብቱን፣ የንቡን ሁሉ በካፍኛ ጠየቀ። ጋሼ እንቸኩል ብለው፣ ሰው ከበቅሎ ሳይወርድ ሽማግሌ ሰላም ይላል ወይ አለኝ። ይሄ እኮ ብስክሌት ነው አልኩት።

"ብስክሌትም በቅሎ ናት፤ ገብስ አለመብላቷ ነው እንጂ" ብሎኝ እርፍ።

ካፋ ውስጥ ስንት ሽማግሌ አለ? እግዜር ይቁጠረው። ያን ቀን ሁሉም መንገድ ላይ ወጥቷል። ሰላምታው ሲያልቅ ደግሞ ቤት ግቡ ይመጣል። ቤት ግቡ ሲባል ዋንጫ ይመጣል። አልጠጣም ብትል፣ ምነው የእኛ ማር መረረህ ወይ? አንዱ ጋ ጨጓራዬን ያመኛል ብል፣ ለጨጓራ መድኃኒቱ ይሄው አይደል ብለው ደገሙኝ። እኔ በከንፈሬ ነክቼ አስቀምጣለሁ። ጋሽ ወልዴ የራሱንም የእኔንም ይጨርሳል። ጨዋ ነው አላልኩህም?

ጋሼ፣ ልጁ ሊሞት ነው እለዋለሁ። እሱ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል። ኧረ እንቁላሉ ሄዶ፣ ጫጩት ሆኖ፣ ዋጫ ገብቶ፣ ታርዶ ተበልቷል! ዳገት ላይ እየገፋን ስናልፍ እንጨት የተሸከመች አንዲት ሴት አየችንና "ጋሼ፣ ምነው በቅሎዎቹን እንዲህ አከሳችኋቸው?" ብላ ሳቀችብን። ጋሽ ወልዴ ወረደና የልጆቿን ጤና ጠየቃት።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ትዕግሥቴ አለቀ። የመጨረሻው ቁልቁለት አፋፍ ላይ፣ አንተ ተከተለኝ፣ እኔ ቀድሜ ደርሼ በር ላይ ልቁም ብዬው ብስክሌቴን ለቀቅኳት። እና ምን ይሆናል? መሀል ቁልቁለት ላይ ፍሬኔ ተበጠሰ። ቷ! እንደ ጥይት እወርዳለሁ። ከፊት ለፊቴ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ አዛውንት በበቅሎ ይመጣሉ። እጃቸውን አነሡልኝ። በምን ልቁም? በአጠገባቸው ሽው ብዬ ሳልፍ በቅሎዋ ደንብራ ጢሻ ውስጥ ገባች። አንተ ባለጌ የሚል ድምፅ ከኋላዬ ደረሰብኝ።

ዋጫ ገባሁ። አድማሱ የአማቶቹ አጥር ሥር ተቁለጭልጮ ቆሟል። እውነትም ከስቷል። አባትየውስ? ቀፎ ሊያዩ በበቅሎ ወጥተዋል፣ አሁን ይመለሳሉ አለኝ። በበቅሎ? ጃንጥላ ይዘዋል ወይ? አዎ፣ ጥቁር።

ወዳጄ፣ አጥሩን ተደገፍኩ። አድማሱ ምን ሆንክ ቢለኝ ጠጠሩ ነው አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ በቅሎዋ ብቅ አለች። ላይዋ ላይ የተቀመጠው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋሽ ወልዴ! ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ እንደ ተሾመ ሰው። አቶ ኃይለሚካኤል በእግራቸው፣ የጋሽ ወልዴን ብስክሌት እየገፉ ይከተላሉ።

እንዳዩኝ "እንደ ነፋስ ያለፈኝ ይሄ ነው!" አሉ።

ከዚያ የሆነውን ለቤተሰቡ ሁሉ ተረኩት። ይሄ ጨዋ ሰው ከሩቅ ሲያየኝ ሊወርድ ተቻኩሎ፣ መውረድም አንሶት፣ ከነብስክሌቱ እግሬ ሥር ተደፋ። ጉልበቱ ደማ። ተነሣ ብለው አልነሣም አለ! እንዲህ ያለ አክብሮት አባቴ ከሞቱ ወዲህ አላየሁም፤ አሉና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ላለመነሣቱ ምክንያት የሆነውን ነገር እኔ አውቃለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ በዋንጫ ሲገባ ያየሁት ነው። ጋሽ ወልዴ ግን አይኑን ሰበር አድርጎ "ለርስዎ ሲያንስ ነው" አለ። ቀጠለና "ያኛው ወንድሜም ሊወርድ እየተንሰፈሰፈ ነበር፤ ፍሬኑ ተበጥሶበት ነው" አላቸው። ይህን ብሎ ከበቅሎዋ ተንሸራተተና ብስክሌቴን ይዞ እየተንገዳገደ ወደ ጓሮ ሄደ። ምነው ቢሉት፣ ፀሐይ እንዳይመታት አለ። ሰማዩ ደመና ነበር።

አቶ ኃይለሚካኤል ከጋቢያቸው ላይ የጢሻውን እሾህ ለቀሙ።  በመጨረሻ፣ ሽማግሌ አክባሪ ዘመድ ያለው ልጅ ሚስቱንም ያከብራል፤ አንዱ ጎደሎ ቢሆን ሌላው ሞልቶታል፤ ልጄን ሰጥቻለሁ አሉ። እልልታው ቀለጠ። ለእኔ ደግሞ አንድ ዋንጫ ሙሉ ጠጅ መጣልኝ። እያዩኝ ጨረስኩት።

በማግሥቱ የነጋዴው ሽማግሌዎች በመኪና መጡ፣ በመኪና ተመለሱ።

መጠጥ ሰው ይጥላል እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ይጥላል። ቁም ነገሩ ማን እግር ሥር እንደሚጥልህ ነው።

ያልኩህ ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ። ፍሬኑ ደህና ነበር። ጋሽ ወልዴ ብስክሌቴን ለምን እንደሸሸጋት አሁን ገባህ? አዛውንቱ ከኮርቻቸው ጎን ቅል አንጠልጥለው አየሁና፣ ሌላ ጠጅ ሊያጠጡኝ ነው ብዬ ፔዳሉን ረገጥኩት።

ቅሉ ውስጥ የነበረው ውሃ ነው አሉ።