መኪናዬን ከፍ ያደረግኩ ሰሞን

ወንድ ልጅ አርባውን ሲያልፍ ከፍ ማለት ያምረዋል። ሹመት የቀናው በወንበር ከፍ ይላል፣ ንግድ የቀናው በፎቅ ከፍ ይላል፣ ሁለቱም ያልቀናው ደግሞ... ጋራዥ ይሄዳል። እኔን የሚያውቅ የሶዶ ሰው የትኛው እንደሆንኩ አይጠፋውም።

መኪናዬ አንድ የውሃ ፕሮጀክት ሲያልቅ በጨረታ የገዛኋት አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ከኋላዋ ሰው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥባቸው ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሏት። ምንም አልጎደላትም ነበር። ግን አንድ ቀን ቦዲቲ ገበያ ዳር ከፍ ያለች መኪና አጠገቤ መጥታ ቆመች። ሹፌሩ ቁልቁል አየኝ። ምናልባት ሰላም ሊለኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ቁልቁል መታየቴ ነው የታየኝ።

በማግስቱ ጋራዥ ተገኘሁ።

"ከፍ አድርግልኝ" አልኩት መካኒኩን።

"ምን ያህል?"

"ሰው ቀና ብሎ እስኪያየኝ።"

መካኒኩም ከእኔ የባሰ ነበርና ከጭነት መኪና የወለቀ ባሌስትራ አምጥቶ በነበረው ላይ ደረበበት። ባሌስትራ እንግዲህ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እየተለመጠ ንዝረቱን የሚውጥላችሁ ብረት ነው። ያኛው ግን የተሠራው ለእህል ጭነት ስለሆነ እኔን እንደ ጭነት አልቆጠረኝም። ንቅንቅ አላለም... የሚነቃነቀው እኔው ሆንኩ።

ባለቤቴን አስቴርን አሳፍሬ ከተማውን አንድ ዙር አዞርኳት። ቤት ስንገባ እንደ ዘመኑ ወግ ቁጭ አድርጋ ገመገመችኝ።

"በጠንካራ ጎን፣ ከፍታው ጥሩ ነው" ብላ ጀመረች። "በደካማ ጎን፣ ኩላሊቴ የት እንደደረሰ አላውቅም።"

ግምገማውን ተቀብያለሁ አልኳትና እንደ ማንኛውም ተገምጋሚ ሳላሻሽል ቀረሁ።

በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ማርቆስ ፍቅር ይዞት ነበር። ሃላሌ የምትባል የገጠር ከተማ ነው የሚያስተምረው፤ እዚያው የምታስተምር ምሕረት የምትባል ልጅ ወዷል፣ እሷም ወዳዋለች። ልባቸው ያልከጀለው አባቷ አቶ አንጁሎ ናቸው። ከዚህ በፊት የላክናቸውን ሽማግሌዎች "እናስብበት" ብለው ሸኝተዋቸዋል። "እናስብበት" ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚህ ላይ አንድ የበዴሳ እህል ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ መጣ።

"ጋሼ፣ አሁን ካልሆነ በቃ፣ አለቀልኝ" አለኝ ማርቆስ በስልክ። አባታችን ከሞተ ወዲህ አባቱም ወንድሙም እኔው ነኝ።

ሦስት ሽማግሌዎች ለመንኩ፤ ጡረታ የወጡትን መምህር ጋሽ ባልቻን፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ወንጌላዊና አንድ አንደበተ ርቱዕ የከብት ነጋዴ። ጋሽ ባልቻ መኪናዬን ቀና ብለው አዩና "በሕዝብ መኪና ብንሄድስ?" አሉ።

"መኪና እያለኝ? አቶ አንጁሎ ምን ይሉናል ጋሼ?"

ከቤት በርጩማ አምጥተን፣ ከኋላ ደግፈን አሳፈርናቸው። ማን ምን እንደሚናገር እየተመካከሩ እንዲሄዱ ሦስቱም ከኋላ ተቀመጡ። አስፋልቱ እስካለ ድረስም በደንብ ተመካከሩ። ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን ምክክሩ ቀጥ አለ። ወንጌላዊው መዝሙር ቢጀምሩም በየጉድጓዱ አንዳንድ ቃል እየተንጠባጠበ ዜማው ብቻ ቀረ፣ በኋላ እሱም ጠፋ።

"ልጄ፣ ጉድጓዱን እለፈው እንጂ" አሉ ጋሽ ባልቻ።

"አልፌዋለሁ እኮ ጋሼ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"ይሄ ጠጠር ነው።"

"ትዕቢት ጥፋትን ይቀድማል" አሉ ወንጌላዊው። ለማን እንዳሉት አልጠየቅኩም።

ሃላሌ ስንደርስ በርጩማው ሶዶ ቀርቷል። ጋሽ ባልቻ በሆዳቸው ተንሸራተው ወረዱ፣ ወንጌላዊው በእኔ ትከሻ ወረዱ፣ የከብት ነጋዴው እኔ አላንስም ብለው ዘለሉና መሬቱ ላይ ጥቂት አረፉ። ልብሳቸውን አራግፈን ገባን።

ዘመድ ተሰብስቦ፣ ወንበር ተደርድሮ ጠበቀን። "ተቀመጡ እንጂ" አሉ አቶ አንጁሎ።

ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ። ግን ለወጉ ያህል ነው፤ ትንሽ ይግደረደራል፣ በሞቴ ሲባል ይቀመጣል፣ ቀጠሮ ይሰጠውና ይሄዳል።

"አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ባልቻ።

"ቁጭ ብለን እንነጋገር።"

"ቆመን እንነጋገራለን።"

"በእግዚአብሔር ስም ይዘናችኋል" አለ አንዱ ዘመድ። ወንጌላዊው ይህን ስም እምቢ ማለት አልቻሉም። ቀስ ብለው ወደ ወንበሩ ዝቅ ማለት ጀመሩ... ወንበሩ ገና ሲነካቸው ፊታቸው ተለዋወጠና ብድግ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "አይሆንም" አሉ በቀጭን ድምፅ።

"ለልጁ ሲሉ እኮ አለቀሱ" ብላ የምሕረት አክስት በወላይትኛ አንሾካሾከች። ከዚያም ጮክ አድርጋ "ሽማግሌ ቤታችን ቆሞ ሊውል ነው? ነውር አይደለም ወይ?" አለች። አቶ አንጁሎ ወደ ጓዳ ገብተው ልጃቸውን አነጋገሩ። ሲመለሱ "ልጄን ሰጥቻለሁ" አሉ።

እልልታው ቀለጠ። ውጭ ሲጠብቅ የነበረው ማርቆስ እልልታውን ሰምቶ ገባና አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ቁርጡ ከዳጣው ጋር ቀረበ፤ ሽማግሌዎቹ ቆመው በሉ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አልኩና መኪናዬ ባትኖር ኖሮ እያልኩ ደረቴን መንፋት ጀመርኩ። አቶ አንጁሎ በዚህ መሀል እጄን ይዘው ወደ ደጅ አወጡኝ።

"ሽማግሌዎችህ የቆሙት ለወግ ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ" አሉኝ። "ከአጥር ጀርባ ሆኜ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ።"

ደረቴ ተነፈሰ። "ታዲያ ለምን ሰጡን አባቴ?"

"ለወንድምህ ብለው እዚህ መኪና ላይ ተቀምጠው ሃላሌ ድረስ ከመጡ፣ ነገ ልጄ ሲቸግራት ይመጡላታል ብዬ ነው።"

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ቀና አደረጉኝ።

"አንድ ነገር ግን ቃል ግባልኝ። ልጄ ሶዶ ድረስ በእግሯ ትሄዳለች እንጂ እዚህ መኪና ላይ አትወጣም።"

"እኛም ከሙሽራዋ ጋር ነን" አሉ ጋሽ ባልቻ ከኋላዬ።