የንጋት ክለብ ሦስተኛዋ ግብ

(ሰኔ ማለዳ፣ ከንፋስ መውጫ በታች። ተሻገርና ጣሰው በሬ ተቀናጅተው አንድ ቀንበር ጠምደዋል። ተሻገር አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ነው። ጣሰው ከስማዳ መጥቶ እዚህ ያገባ ዝምተኛ ነው። ሁለቱም እርፉን ይዘው አይለቁም።)

ተሻገር፦ ልቀቅ እንጂ። ዛሬ የሚታረሰው የእኔ ማሳ ነው።

ጣሰው፦ «ስለ አዲስ አበባው የንጋት እግር ኳስ ክለብ የማላውቀው ነገር ካገኘህብኝ ያንተ ማሳ ይቀድማል» ብለኸኝ የለም?

ተሻገር፦ አገኘህብኝ ታዲያ?

ጣሰው፦ ገና ነኝ። መቼ ተቋቋመ?

ተሻገር፦ በሺ ዘጠኝ መቶ አርባ ዓመተ ምሕረት። አሥራ አንድ ልብስ ሰፊዎች ኳሷን ራሳቸው ሰፍተው ጀመሩ።

ጣሰው፦ እኛ ለአንድ እርፍ ሁለት ሆነን ተጣላን። እነሱ ለአንድ ኳስ አሥራ አንድ ሆነው እንዴት ተስማሙ?

ተሻገር፦ ኧረ ሃያ ሁለት ናቸው። ግማሹ የሌላው ወገን ነው።

ጣሰው፦ እንደ ገና ጨዋታ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። የተሸነፈውን ማን ይሰድበዋል?

ተሻገር፦ ማንም አይሰድበው፤ ተጨባብጠው ይለያያሉ።

ጣሰው፦ ሳይሰደብ መሸነፉን በምን ያውቃል?

ተሻገር፦ (ራሱን እየነቀነቀ) ካንተ ጋር በሬ ያቀናጀኝ ምን ጉድ ነው? ዋንጫውን ሲያጣ ነዋ። ንጋት ሦስት ዋንጫ አለው። የመጨረሻውን በሃምሳ አንድ ሲያመጣ ሁለት ለሁለት ነበሩ፤ ሊያልቅ ሲል አጥቂው ወልደ ሩፋኤል ከመሀል ሜዳ ለጋና ሦስተኛዋን ግብ አገባ።

ጣሰው፦ አይተሃታል?

ተሻገር፦ ከመኳንንቱ ጀርባ ተቀምጬ። ሕዝቡ በደስታ ትከሻው ላይ ቢያወጣኝ የግራ ጫማዬ እዚያው ወድቆ ቀረ።

ጣሰው፦ ቡናማ፣ ተረከዙ በጎማ የተጠገነ?

ተሻገር፦ አዎ፣ ቡና... ማን ነገረህ?

ጣሰው፦ በል ይቺን መልስልኝ። ያን ቀን የኋላውን አጥር የሚጠብቀው ዘበኛ ማን ነበር?

ተሻገር፦ ዘበኛ ደግሞ የክለብ ታሪክ ሆነ?

ጣሰው፦ ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ያለ ቲኬት አጥር ሲዘል የነበረውን ሰው እግሩን ይዞ ያወረደው ዘበኛ። ሰውየው አመለጠ፤ ጫማው እጄ ላይ ቀረ። አምና ገብሴ መሀል ተሰቅሎ ወፍ ሲያባርር አላየኸውም? ባለቤቱን ይኸው ዛሬ አገኘሁ።

ተሻገር፦ (ቀስ ብሎ እርፉን ይለቃል) አዲስ አበባ ነበርክ? ሁለት ዓመት አብረን ስናርስ ምነው ሳትነግረኝ?

ጣሰው፦ መች ጠየቅኸኝ?

ተሻገር፦ ያ ሁሉ የጅል ጥያቄስ?

ጣሰው፦ ስታስረዳኝ ደስ ሲልህ አይቼ ነው።

ተሻገር፦ (አቀርቅሮ) እሺ፣ ተሸነፍኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ጩኸቷን እንጂ ግቧን አላየኋትም። ስንት ዓመት የተመኘኋት ናት። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ እንዴት ነበረች?

ጣሰው፦ (በሬዎቹን ወደ ራሱ ማሳ እያዞረ) ያንተን እግር ይዤ እኔ በምን ዓይኔ ልያት? ያን አጥር አምስት ዓመት የጠበቅሁት እንደሷ ያለች ግብ አያለሁ ብዬ ነበር። በል ንዳ። ዛሬ ስለተሸነፍክ የእኔ ይታረሳል፤ ነገ ደግሞ ስለዚያች ግብ እንወራረዳለን።